በረኛ የሌለው ቡድን

አባቴ ለምሳ ሲመጣ በሩን ከኋላው የመዝጋት ልማድ አልነበረውም። የዚያን ዕለት ዐርብ ግን ገብቶ ዘጋው፤ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን ላስታጥበው ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ያ የብስኩት ቆርቆሮሽ የት ነው ያለው?» አለኝ።

የቱን ቆርቆሮ ማለቱ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ከከፈትኩት ዓመታት አልፈዋል። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከእናቴ ሻንጣ ኋላ እንዳለ ነገርኩት።

«ካርታዎቹ አሉበት?»

«አሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አሉ፣ አባባ። ምነው?»

ለውሃው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያላቸው ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመው ያሉትን ነገረኝ። በቅርቡ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣው የቀበሌያችን ካድሬ ፎቶ ቤታቸው ገብቶ የድሮውን የኳስ ቡድናችንን በረኛ ፎቶ ጠይቋል። ሽማግሌው የድሮ ፊልሞቼ ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶባቸው ተበላሽተዋል ብለው መለሱት። ካድሬው ሲወጣ ግን አብሮት የነበረው አብዮት ጠባቂ፣ የእኛው ከተማ ልጅ ነው፣ «የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ ድሮ ቡድኑን በሙሉ ሰብስባ ነበር» ሲለው በጆሯቸው ሰምተዋል።

የዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ላደገ ሰው የኳስ ካርታ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ሽማግሌው ፎቶ አንሺ እሑድ እሑድ ኳስ ሜዳ ይመጡና ተጫዋቾቹን ጎሉ ኋላ አንድ በአንድ አቁመው ያነሷቸዋል። ፎቶዋን በመታወቂያ ልክ ያጥቧትና በልኳ በተቆረጠ ካርቶን ላይ ይለጥፏታል፤ ጀርባዋ ላይ በቀለም በረኛ፣ ተከላካይ፣ የግራ ክንፍ እያሉ ይጽፉባታል። ልጆች እንገዛቸው ነበር። መሬት ላይ ደርድረን በመዳፋችን እንመታለን፤ የገለበጠ ይወስዳል። ከኢተያ፣ ከሁሩታ ወይም ከአቦምሳ ቡድን ሲመጣም የእንግዶቹ ካርታ ይወጣል፤ ግን ማንም የሚፈልገው የራሳችንን ነበር።

እኔ ሴት ልጅ ሆኜ ኳስ ሜዳ የዋልኩት እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ነው። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እሑድ ከእኔ በቀር አብሮት የሚውል ዘመድ አልነበረውም። ከጨዋታ ይልቅ መሰብሰብ እወድ ነበር። ወንዶቹ ካርታቸውን መሬት ለመሬት እየመቱ ሲጨርሱት እኔ በቆርቆሮ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ሙሉ ቡድን የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በረኛውንም ጨምሮ። የበረኛው ካርታ በጣም የሚፈለግ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነበር። እሱን ሳላገኝ አንድ ዓመት ሙሉ ቆይቻለሁ፤ ያገኘሁትም ከአንድ የሹፌር ልጅ ጋር በብዙ ካርታ ለውጬ ነው።

በረኛው ደግሞ ጎረቤታችን ነበር። ቤታቸውና ቤታችን የሚለየው አንድ አጥር ነው። እናቱ የአርሲ ኦሮሞ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት እሱን ብቻ ይዛ የቀረች። እሱ አዮ ይላታል፤ እማዬ ማለት ነው። እኛም የሰፈር ልጆች ከእሱ ተቀብለን አዮ እንላት ነበር፤ እኔማ እናት ስላልነበረኝ ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሜ ነው የጠራኋት። ልጇ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። ከላይ እስከ ታች የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል።

ደርግ መጣ፤ ቡድኑ ተበተነ። ገሚሱ ለዘመቻ ሄደ፣ ገሚሱ ለውትድርና። በረኛው ጎማውን እየለጠፈ ቀረ። በሌሊት ወረቀት የሚበትኑ ልጆች ተባባሪ ነው የተባለው በዚያው ዓመት ነው፤ እውነት ይሁን ሐሰት ዛሬም አላውቅም። ሊይዙት ሲሄዱ ሱቁ ክፍት ነበር፤ የጎማ መንፊያው ሞተር እየሠራ ነበር፤ እሱ ግን አልነበረም። አዮን ወሰዷት። ስትፈታ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላትም። ኢተያ ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች የሚፈለጉ ሰዎችን ፎቶ ይዘው ከተሳፋሪው ፊት ጋር እያስተያዩ እንደሆነ ስትሰማ፣ እቤቷ ያለውን የልጇን ፎቶ ሁሉ አቃጠለችው። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን እንኳ አላስቀረችም። ማዘጋጃ ቤት ተሰቅሎ የነበረው የቡድኑ ፎቶ ንጉሡ ሲወርዱ ከሥዕላቸው ጋር ወርዶ የት እንደገባ አይታወቅም። በመልክ የሚያውቁት የከተማው ሰዎች ኬላ ሄዳችሁ ለዩልን ሲባሉ፣ አንዱ አሞኛል ይላል፣ ሌላው ዓይኔ ደክሟል ይላል። ስለዚህ ያ ካድሬ የሚፈልገውን ሰው መልክ የሚያይበት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም የእኔ ቁም ሣጥን ላይ ነው።

አባቴ ሳይበላ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበረ፤ ዐርብ ዐርብ የቀረ ሰው ለምን ቀረህ ይባላል። መቅረት አይችልም።

«ሁሉንም አቃጥይው» አለኝ። «እኔ ስመለስ አንድ እንዳላይ።»

ሌሎቹ ምን አጠፉ፣ የበረኛውን ብቻ ላቃጥል ብዬ ተከራከርኩት። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው የተከራከርኩት ለካርታዎቹ ነበር እንጂ ነገሩን አመዛዝኜ አልነበረም። አባቴ ገና ስናገር ወጣ። በሩን አሁንም ዘጋው።

ቆርቆሮውን አውርጄ ከፈትኩት። የድሮው ሙጫ ሽታ ገና አለ። የበረኛው ከላይ ነበር፤ ሁልጊዜም ከላይ ነው የማስቀምጠው። ኳሷን በብብቱ ይዞ፣ ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ፣ ከፎቶው ውጭ የቆመ፣ እኛ የማናየውን ሰው እያየ ይስቃል። ክብሪት ጫርኩ፤ ጠፋ። ሌላ ጫርኩ፤ እስኪለበልበኝ ድረስ ይዤው ጣልኩት። የሰው ልጅ ነው፤ እናቱም አጥር ማዶ ናት። ሳልነግራት ላቃጥለው እንደማልችል ያወቅኩት ያኔ ነው።

አጥሩ ጋ ሄጄ ወንፊት ፈልጌ ነው ብዬ ጮክ ብዬ ጠራኋት። መንገደኛ ቢሰማ ብዬ ነው። ወንፊቱን ይዛ መጣች፤ ኩሽና አስገብቼ በሩን ገፋ አደረግኩትና ካርታውን ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ። በቀሚሷ እጇን ጠርጋ በሁለት ጣቷ ጠርዙን ነው የያዘችው። ዱካው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አንገቷን ሳታቀና ማን ማን ይህ እንዳለው ጠየቀችኝ። እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገርኳት። ካድሬው አውቋል ወይ አለች። ሰምቷል አልኳት።

«ኢልመ ኮ» አለች በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ «እሳቱ አለ?»

እሳት ነበረ፤ የምሳው ፍም ምድጃው ላይ አልጠፋም። እኔ ግን እንቅበረው አልኳት። አጥሩ ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልለን፤ አንድ ቀን ይህ ሁሉ ሲያልፍ ታወጭዋለሽ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «የት እንዳለ ካወቅኩ፣ ሲመቱኝ እናገራለሁ። እግሬን አይተሻል። የሌለ ነገር ግን ቢመቱኝም አልናገረውም።»

ተነሥታ ምድጃው አጠገብ ተንበረከከች። እጇ ፍሙ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰጠችኝ። እኔም ወስጄ አልቻልኩም፤ መልሼ ሰጠኋት። ሁለታችንም እንደማንችል ስናውቅ አንዳችን ሌላችንን አየን። ከዚያ ካርታውን ገለበጠችና ፊቱን ወደ ታች አድርጋ አስቀመጠችው። ላይ የቀረው የሽማግሌው ጽሑፍ ነበር፤ በረኛ ይላል። ካርቶኑ ጠርዝ ጠርዙን ጠቆረ፣ መሐሉ አበጠ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ነበልባል ሆነ። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። አዮ አመዱን በእንጨት ፈጨችው፤ ከሌላው አመድ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ፈጨችው።

አላለቀሰችም። ቆርቆሮውን አይታ ስለ ሌሎቹ ጠየቀችኝ። አባቴ ሁሉም ይቃጠል እንዳለ ነገርኳት።

«ቆርቆሮው ባዶ ከሆነ የት አደረስሽው ይሉሻል» አለች። «መጫወቻ ነው። መጫወቻ ምን ሆኖ ይቃጠላል? ይኑሩ።»

ወንፊቷን ይዛ እንደመጣችው ወጣች።

ማታ አባቴ ሲመለስ ያደረግነውን ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ቆርቆሮውን ከፍቶ አንድ በአንድ አየ። የአዮ ምክር ትክክል ሳይሆን አይቀርም አለ። እንደገና ከደነው፤ ከፈተው።

«ኳስ የሚያውቅ ሰው ከመጣ ግን?» አለኝ።

ቆርቆሮውን ከእጁ ወስጄ ቁም ሣጥኑ ላይ መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈራችን እየዞረ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ አወጀ። አሰሳ ነበር። ከታች መንገድ ጀምረው ቤት ለቤት ሲመጡ ይሰማናል፤ ውሻ ይጮኻል፣ በር ይንኳኳል፣ ለጥቂት ጊዜ ምንም አይሰማም፣ ከዚያ ቀጣዩ ውሻ ይጮኻል። አባቴ ከረባቱን አሰረ። ለምን እንዳሰረ አልጠየቅኩትም። አዮ ቤት ሲገቡ የሚንኳኳ የዕቃ ድምፅ ሰማን፤ የእሷን ድምፅ ግን አልሰማንም።

ከዚያ የእኛ በር ተንኳኳ።

ካድሬው ወጣት ነበር፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ። ጭቃ እንዳያስገባ ጫማውን ደፉ ላይ ጠረገ። አባቴን አባት፣ እርስዎ እያለ ነው ያናገረው፤ ይቅርታም ጠየቀ። አብዮት ጠባቂዎቹ ግን ፍራሹን ገለበጡ፤ የስንዴውን ጆንያ በፌሮ ወጉት፤ የእናቴን ሻንጣ አራገፉ። ካርታ እንዳለኝ የተናገረው የከተማችን ልጅ ከነሱ ጋር ነበር፤ ፊቴን አያይም።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «የኳስ ካርታ አለሽ አሉ። እስቲ አሳዪን።»

አመጣሁለት። ሲከፍተው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው የውሸት አልነበረም። የምግብ ጠረጴዛችን አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ካርታዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ፣ የጀርባውን ጽሑፍ እያነበበ ይደረድር ጀመር። መጀመሪያ እንዲሁ የሚያያቸው መስሎኝ ነበር። ከዚያ አሰላለፉን አየሁ። ተከላካዮቹን በአንድ መስመር፣ ከፊታቸው አማካዮቹን፣ ክንፎቹን ዳርና ዳር፣ አጥቂዎቹን ከፊት። ቡድኑን ሜዳ ላይ እያቆመው ነበር። የእንግዶቹን ካርታ ለብቻ አደረገው። ሲጨርስ ከተከላካዮቹ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«በረኛው የታለ?»

አባቴ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«እሱን አላገኘሁትም» አልኩ።

«ሙሉ ቡድን አላት ነው ያሉኝ።»

«ወንዶቹ እንዳይስቁብኝ እንደዚያ እል ነበር። የበረኛው ካርታ ቶሎ ያልቃል። ሁሉም ሰው የሚፈልገው እሱን ነበር።»

አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። ምናልባት አንድ ዓመት ሙሉ እውነት የነበረ ነገር ስለሆነ ነው፤ ያን ዓመት ልጆች ፊት እየዋሸሁ፣ ቤቴ ገብቼ ባዶውን ቦታ አይ ነበር።

ካድሬው ከእንግዶቹ ካርታ ውስጥ አንዱን አነሣ። እጀ ረጅም ሹራብ የለበሰ፣ ኳስ የያዘ ሰው ነው፤ ጀርባው ላይ በረኛ ይላል።

«ይሄስ? እሱ አይደለም?»

የሁሩታው በረኛ ነበር። እሺ ብዬ አንገቴን ብነቀንቅ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር፤ ፎቶዋ ኢተያ ትሄዳለች፣ ካድሬው ከቤታችን ይወጣል። ያ ሰው ግን ለገበያ ወደ አሰላ ይመላለሳል፤ ሚስት አለው። ሐሳቡ በራሴ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር።

«አይደለም» አልኩ። «እሱ የሁሩታ ነው። የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠይቁ።»

ካድሬው ያንን የከተማችንን ልጅ አየው። ልጁ ካርታውን ጠጋ ብሎ አየና፣ እውነቷን ነው፣ እሱ አይደለም አለ። ከእኔ ጋር ካርታ የተለዋወጠውን ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ በረኛውን በመጨረሻ ማግኘቴንም ሳያውቅ አይቀርም። ሌላ አልጨመረም።

ካድሬው ካርታዎቹን ሰብስቦ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ። ከእኛ ጋር ትመጪያለሽ አለኝ። አባቴ ልጄ ናት፣ እኔም ልምጣ፣ የምትጠየቀው ነገር ካለ እኔ ልጠየቅ አለው።

«አንተ እዚሁ ትቆያለህ» አለ ካድሬው። እርስዎ ማለቱን የተወው እዚያ ላይ ነው።

አባቴ ግን አልቆየም። አዋጁን ጥሶ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ከኋላችን ራቅ ብሎ ተከተለን። ጠባቂዎቹ ሁለት ጊዜ ዞረው ተመለስ አሉት፤ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይከተላል። ቀበሌው የተወረሰ የአንድ ነጋዴ ቤት ውስጥ ነበር። እኔ ስገባ እሱ ደጃፉ ላይ ካፊያ እየመታው ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ ከወዲያ ያለው ንግግር ይሰማል። ብዙ ሰው ተጠርቶ ገባና ወጣ። ከዚያ የሽማግሌውን ፎቶ አንሺ ድምፅ ሰማሁ። እኔና እሳቸው አልተነጋገርንም። የበረኛውን ካርታ ለፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ሰጥቻታለሁ፣ አይቼባታለሁ የሚል አንዲት ቃል ብትወጣቸው አባቴም እኔም አለቀልን። አዮንም እንደገና ይወስዷታል።

ካድሬው የበረኛውን ካርታ ለማን ለማን ሸጥክ ሲል ጠየቃቸው።

«ለማን እንደሸጥኩ በምን አውቃለሁ፣ ልጄ» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሕፃናት ይሻሙታል። ገና ሳይደርቅ ያልቃል። የጸሐፊው ልጅ እንኳ ስንት ወር ደጄ ቆማ አልቅሳ ተመልሳለች።»

አልቅሼ የተመለስኩት እውነት ነው። በኋላ ማግኘቴን ያውቁ ነበር፤ አባቴን መንገድ ላይ ያስጠነቀቁትም እሳቸው ናቸው። ከቤቴ ይዤው የመጣሁትን ውሸት ሳይሰሙት ያንኑ አሉ።

ያን ጊዜ ነው ካድሬው የጠራኝ። ሽማግሌው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ካድሬው ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎታል። በረኛውን በመልክ ታውቂዋለሽ አይደል አለኝ። ጎረቤቴ ስለሆነ አላውቀውም ማለት አልችልም፤ አውቀዋለሁ አልኩ። ቁመቱ ምን ያህል ነው አለ። ረጅም ነው አልኩት። ከእኔ ይረዝማል ወይ ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ልጅ ሳለሁ ሁሉም ሰው ረጅም ነበር፣ እንጃ፣ አልኩት። ቆርቆሮውን በመዳፉ መታው፤ ሽማግሌው ደነገጡ።

ብዙ ቆይቶ ሂጂ አለኝ። ከከተማ እንዳትወጪ አለኝ። ቆርቆሮውን አልሰጠኝም።

አባቴ እዚያው ደጃፉ ላይ ነበር። ኮቱ በካፊያው ከብዷል። እጄን ያዘኝ፤ ከልጅነቴ ወዲህ መንገድ ላይ እጄን ይዞ አያውቅም። ቤት ስንደርስ አዮ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ስታየኝ «ያ ረቢ» ብላ ፈጣሪዋን ጠርታ ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በደንብ አላስታውስም። ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሁሉም ተጫዋቾች ይጠራሉ ተብሎ ተወራ፤ ሁለቱ ተጠርተው ተመለሱ። ክረምቱ ሲወጣ ካድሬው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አንድ ቀን ያ የከተማችን ልጅ ቆርቆሮውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ቢሮ ሲጸዳ ተገኘ አለ። አመሰግናለሁ አልኩት። ይቅርታ የሚል መስሎኝ ጠበቅኩ፤ አላለም፤ እኔም እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ መቀየምና ማመስገን ይምታታብኛል።

አባቴ አሁንስ ይቃጠሉ አለ። እኔ ደግሞ እቤቴ እንዲያድሩ ባልፈልግም ማቃጠል አልቻልኩም። ካርታ ሲቃጠል አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ለጥቂት ቀናት ቆርቆሮውን ከቦታ ቦታ አዛወርኩት፤ ከቁም ሣጥን ወደ ጆንያ፣ ከጆንያ ወደ አልጋ ሥር። በመጨረሻ ካርታዎቹን ለተጫዋቾቹ ለራሳቸው ልመልስ ብዬ ወሰንኩ። ፊቱ የማን ነው? የራሱ ነው። ማቃጠልም ማስቀመጥም የሱ ፈንታ ነው።

በየቀኑ አንድ ካርታ በመጽሐፌ ውስጥ እያደረግኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰጠሁ። የግራ ክንፉ ልብስ ሰፊ ሆኖ ነበር። ካርታውን የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተተና፣ የቀሚሴን የተፈታ ጠርዝ ሰፋልኝ። አንደኛው ተከላካይ ከእጄ እንደተቀበለ እዚያው ቀዳዶ መንገድ ላይ በተነው፤ ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ አለኝ። አልፈረድኩበትም። መሐል አጥቂው ጦር ሜዳ ነበር፤ ሚስቱ ተቀብላ ግንባሩን ሳመችውና ሕፃን ልጇን ጠርታ አሳየችው። ተመልሶ ስላልመጣ ያ ልጅ አባቱን የሚያውቀው በዚያች ካርታ ነው ብለው በኋላ ነግረውኛል። የሁሩታውን በረኛ ደግሞ በመምህርነት ሁሩታ ስመደብ ይዤለት ሄድኩ። ስሙን ጠርቼ ስጠይቀው ደነገጠ፤ ካርታውን ሲያይ ግን ሚስቱን እየጠራ ሳቀ። ያን ጠዋት ጠረጴዛችን ላይ ስለሆነው ነገር አልነገርኩትም።

ለአዮ የምሰጣት አልነበረኝም። በደጇ ማለፍ ሲኖርብኝ መጽሐፌ ውስጥ ካርታ ካለ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

በረኛው ከብዙ ዓመት በኋላ መጣ። ደርግ ገና አልወደቀም ነበር፤ ግን የሚያስታውሰው ካድሬም የሚፈልገው ቀበሌም አልነበረም። ቅዳሜ ከሁሩታ ስመጣ አዮ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ እንጨት ይፈልጣል። ዘመድ መስሎኝ ሰላም ብዬ ላልፍ ስል አዮ ጠራችኝ። ዞረ። ጠጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ የፊት ጥርሱ ወልቋል። እሱ መሆኑን ያወቅኩት ስሜን ሲጠራ ነው።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። አዮ ምስር እየለቀመች ያቃጠልነውን ካርታ፣ ኢተያ ኬላን፣ ካድሬውን ነገረችው። ከዚያ እሱ ኢተያን አለማለፉን ነገረን። ሞተሩን ሳያጠፋ የወጣ ዕለት ወደ ጭላሎ ተራራ ነው የሄደው፤ የእናቱ ዘመዶች ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉ አሻገሩት። በአቦምሳ በኩል ቆላ ወርዶ እህል ጫኝ ሆኖ ኖረ። ኬላ የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም።

«እንግዲህ ባይቃጠልም ምንም አይሆንም ነበር ማለት ነው» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አዮን አየኋት።

«እኛ በምን እናውቃለን» አለች፤ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶ እንዲነሣላት ለመነችው። ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ሞተው ነበር፤ ሌላ ፎቶ ቤት ተከፍቷል፤ በሄደበት ሁሉ ትነግረዋለች። እሺ ይላል፤ አይሄድም። አንድ ቀን ልብሱን አልብሳው ፎቶ ቤቱ ወስዳ አስቀመጠችው፤ መብራቱ ሲበራ ተነሥቶ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊቱን የያዘ ወረቀት ያስፈራው ነበር፤ ፍርሃቱ ምክንያቱ ቢያልቅም አላለቀም። መታወቂያ እንኳ ያወጣው ተለምኖ ነው።

ሲያገባ ግን ፎቶ አንሺ ተጠርቷልና መሸሽ አልቻለም። እኔም ነበርኩ። ሁላችንም ተደርድረን ስንቆም ከሙሽራይቱ አጠገብ ቆመ፤ ልክ መብራቱ ብልጭ ሲል የሆነ ሰው የጠራው ይመስል አንገቱን ዞር አደረገ። አዮ ያንን ፎቶ አስፍታ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። የሚታየው አንድ ጆሮውና የአንገቱ ኋላ ነው። እንግዳ ሲመጣባት ልጄ ይኸውልህ ብላ ጆሮውን በጣቷ ታሳያለች።